ለሌክቸርና ለዕድር ስብሰባ የሚሆን ሪከርደር ፍለጋ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም 20፣ 2018

የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ። ማታ ማታ ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። ሁለቱም ቦታ ሰው የተናገረውን ወረቀት ላይ ማውረድ የእኔ ድርሻ ነው። እስካሁን የምቀዳው በስልክ ነበር። ስልክ ክፉ መቅጃ አይደለም፤ ጣጣው ስልክ መሆኑ ላይ ነው። ቅጂው መሀል ሰው ይደውላል። ሜሞሪ ሞልቷል ይላል። ባትሪው ወደ ቤት መመለሻ ታክሲ ለመጥራት እንኳ ሳይተርፍ ያልቃል። ተናጋሪው አጠገብ ልተወው ብል ደግሞ ዓይኔ ከእሱ አይነቀልም።

ስለዚህ ራሱን የቻለ ድምፅ መቅጃ ልገዛ ነው። ከመግዛቴ በፊት ግን ከሰው እየተዋስኩ እሞክራለሁ፤ ያገኘሁትንም እዚህ አሰፍራለሁ።

መለኪያዬ አንድ ነው። ቁጭ ብዬ ወደ ጽሑፍ ስገለብጠው ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማኛል ወይ? ስብሰባው በእንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ ኮምፒውተሩ ራሱ ይጽፍልኝ ነበር። ኦፕንኤአይ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 በነጻ የለቀቀው ዊስፐር፣ ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ፕሮግራም ነው፤ አማርኛንም ከቋንቋዎቹ ዝርዝር አስገብቷል። ነገር ግን የሠለጠነበት የአማርኛ ድምፅ በጣም ጥቂት ስለሆነ የሚያወጣው ጽሑፍ ለቃለ ጉባኤ የሚሆን አይደለም። አንዱ ሲናገር ሌላው ጣልቃ የሚገባበት የዕድር ክርክር ሲሆንማ ተዉት። የሚገለብጠው የእኔው ጆሮ ነው። ጥሩ ቅጂ ከሆነ የአንድ ሰዓቱ ንግግር ሦስት አራት ሰዓት ይፈጃል። መጥፎ ከሆነ ቅዳሜዬን ሙሉ ይበላል።

መስከረም 23

ለመዋስ የተገኙት ሦስት ናቸው። ደግነቱ የሦስቱም ጠባይ ይለያያል።

የመጀመሪያው ሶኒ አይሲዲ-ፒኤክስ470 ነው። ቀጭን ነው፣ የደረት ኪስ ይገባል። ውስጡ 4 ጊጋ ሜሞሪ አለው፤ ማይክሮ ኤስዲ ካርድም ይቀበላል። ተገፍቶ የሚወጣ የዩኤስቢ መሰኪያ ስላለው ያለ ኬብል እንደ ፍላሽ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። የሚበላው ሁለት የሪሞት ድንጋይ ነው። ፋብሪካው ፋይሉን አሳንሶ በሚያስቀምጠው በኤምፒ3፣ በሰከንድ 128 ኪሎቢት፣ እስከ 55 ሰዓት ይቀዳል ይላል።

ሁለተኛው ዙም ኤች1ኤን ነው። ይሄ ዙም የጃፓን ኩባንያ ነው፤ በቪዲዮ ከምንሰበሰብበት ዙም ጋር ዝምድና የለውም። ሙዚቀኞችና ቪዲዮ ሠሪዎች ይወዱታል። አናቱ ላይ ሁለት ማይኮች በ90 ዲግሪ ተሻግረው ተቀምጠዋል። የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው እስከ 32 ጊጋ የሚደርስ ካርድ ይፈልጋል። በሁለት የሪሞት ድንጋይ 10 ሰዓት ያህል ይሠራል።

ሦስተኛው ታስካም ዲአር-07ኤክስ። የዚህ ማይኮች ይዞራሉ። ወደ ውስጥ ሲታጠፉ ፊት ለፊት ያለውን፣ ወደ ውጭ ሲከፈቱ ሰፋ አድርገው ይይዛሉ። ድንጋዩ የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ ነው፤ የትም ሱቅ ይገኛል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚያወራው «32 ቢት ፍሎት» ስለሚባለው የአቀዳድ ዓይነት ነው። ዙም እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ኤች1ኢሴንሻል በዚህ ይቀዳል። ጥቅሙ እውነት ነው። ሰው ድንገት ቢጮህ ድምፁ አይሰነጠቅም፣ ሌቭል (የሚቀዳውን ድምፅ መጠን) እያስተካከሉ መቀመጥም የለም። ግን የሩቁን ሰው አያቀርብም። ፋይሉም ከባድ ነው፤ በ48 ኪሎኸርዝ ስቴሪዮ አንድ ሰዓት ወደ 1.4 ጊጋ ይጠጋል። ተራው 16 ቢት 44.1 ኪሎኸርዝ ዌቭ (ያልታመቀ ፋይል) 635 ሜጋ ገደማ ነው። ኤምፒ3 በ128 ኪሎቢት 58 ሜጋ ብቻ። ለንግግር የመጨረሻው ይበቃል። የ32 ቢቱን ነገር ዘግቼዋለሁ።

መስከረም 25፣ እሑድ

የዕድር ስብሰባ። አዳራሻችን ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። መጋረጃም ምንጣፍም የለም። ድምፅ እዚያ ውስጥ ከገባ መውጫ ያጣል።

ሦስቱንም መቅጃ ዳኛው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ደረደርኳቸው። ዳኛችን አዩና «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ለእኔ ነው?» አሉ።

«ለቃለ ጉባኤው ነው ጋሼ፤ እርስዎ ከፈቀዱ።»

«እኔማ ምን ቸገረኝ። አባሉን ጠይቂ።»

ወደ አጀንዳው ከመገባቱ በፊት ተጠየቀ። አንድ አባት ተነሥተው «ቅጂው ማን ዘንድ ነው የሚቀመጠው? እስከ መቼስ?» አሉ። በጣም ተገቢ ጥያቄ ነው። ትንሽ ከተወያየን በኋላ ተወሰነ። ቅጂው ጸሐፊዋ ዘንድ ይቆያል። ቃለ ጉባኤው በሚቀጥለው ስብሰባ ተነቦ ሲጸድቅ ይጠፋል። ለማንም አይላክም። ውሳኔው ራሱ ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፈረ። ስብሰባ መቅዳት የምትፈልጉ ሁሉ ከዚህ ጀምሩ። መቅጃው ከተገዛ በኋላ የሚነሣ ጭቅጭቅ ከመቅጃው ዋጋ ይበልጣል።

መሀል ላይ ዝናብ መጣ። መስቀል አልፎ ዘንድሮ ገና አልለቀቀም። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንኳን መቅጃ እኛም እርስ በርስ አልተሰማማንም። ዝናቡ እስኪያባራ ስለ ድንኳን ኪራይ የተባለው ሁሉ ከሦስቱም ላይ የለም።

መስከረም 28

በጆሮ ማዳመጫ አነጻጸርኳቸው። ዳኛው ሲናገሩ ሦስቱም ጥሩ ናቸው። ዙሙ ከሁሉም ይጥማል፤ ዳኛው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሳይቀር አጠገቤ ያሉ ይመስላል። ከኋላ ወንበር የተነሣ ሰው ሲናገር ግን ሦስቱም ያው ናቸው። ድምፅ አለ፤ ቃል የለም።

ምክንያቱ ርቀት ነው። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ከአፍ በቀጥታ የሚመጣው ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ይቀንሳል። ከመቅጃው ግማሽ ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰውና 4 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው በ18 ዴሲቤል ይለያያሉ ማለት ነው። ከግድግዳና ከቆርቆሮ የሚነጥረው ማስተጋባት ደግሞ አዳራሹ ውስጥ የትም ብትቆሙ ብዙም አይቀንስም። ስለዚህ ከሩቁ ሰው መቅጃው ላይ የሚደርሰው ከቃሉ ይልቅ ማስተጋባቱ ነው። ውድ መቅጃ ብትገዙ ማስተጋባቱን በጥራት ይቀዳላችኋል። የሚያድነው ማይኩን ወደ አፍ ማቅረብ ብቻ ነው።

ሌላም የታዘብኩት አለ። አንዱን በአውቶማቲክ ሌቭል አስቀምጬው ነበር። ሰው ሲናገር ደህና ነው። ዝም ሲባል ግን ማሽኑ «ድምፁ አነሰ» ብሎ ራሱ ከፍ ያደርገዋል፤ የጎረቤት ጄኔሬተር፣ የወንበር መንቋቋት፣ የሕፃን ልቅሶ ሁሉ ፊት ለፊት ይመጣል። ለረጅም ጊዜ ሲሰሙት ጆሮ ያደክማል። በእጅ የሚስተካከለው ይሻላል። ጮክ ብሎ የሚናገረው ሰው በመቅጃው የሌቭል መለኪያ ላይ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲነካ አድርጎ መተው ነው።

ድምፅ ሲሰማ ብቻ የሚቀዳው አሠራርስ? ባትሪና ቦታ ይቆጥባል። ነገር ግን እስኪነቃ ድረስ የመጀመሪያዋን ቃል ይውጣታል። ስም እየተጠራ መዋጮ ሲቆጠር የምትዋጠው ያቺ ቃል የሰውየው ስም ናት። አጥፍቼዋለሁ።

ጥቅምት 3

ዛሬ ደግሞ ክፍል። ትምህርቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል።

«ዶክተር፣ ልቅዳ?» አልኳቸው።

«ቅጂ። ቴሌግራም ላይ እንዳላየው ግን።» ቃል ገባሁ። ሰውየው የተናደዱበት ምክንያት አላቸው፤ ያለፈው ዓመት ተማሪዎች ሌክቸራቸውን ቆራርጠው ግሩፕ ላይ ለቀውባቸዋል።

ዙሙን ሁለተኛ ረድፍ ላይ፣ ታስካሙን መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አደረግሁ። ዙሙ የያዘው ከመምህሩ እኩል የፕሮጀክተሩን ፋን ነው። ታስካሙ የተሻለ ነው፤ ግን መምህራችን ቆመው የሚያስተምሩ አይደሉም። ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ወደ ሰሌዳው ዞረው ሲጽፉ ድምፃቸው ይጠፋል። ቀመሩ የሚነገረው ደግሞ ያኔ ነው።

ሎው ከት የሚባለውን ማጣሪያ 80 ኸርዝ ላይ ከፈትኩት። ጠረጴዛ ሲነካ የሚሰማው ድብ ድብታና የመብራቱ የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ ረገበ። የሰው ንግግር ላይ ምንም አልጎደለም። መቅጃችሁ ይሄ ካለው ሁልጊዜ ክፍት ይሁን።

መሀል ላይ «ድድድት ድድድት» የሚል ነገር ገባ። ጎኔ ያለው ልጅ ስልኩን ታስካሙ አጠገብ አስቀምጦ ነበር። ስልክ ከኔትወርኩ ጋር ሲነጋገር የሚረጨው ሞገድ የመቅጃው ሽቦ ውስጥ ይገባል። አንድ ሜትር ሲርቅ ቆመ።

ጥቅምት 5

ይሄኛው ሙከራ ነገሩን ቀየረው።

ኮሌታ ላይ የሚቆነጠጥ ማይክ አምጥቼ ሶኒው ላይ ሰካሁት። መምህሩን «ሪከርደሩን ደረት ኪስዎ ውስጥ ቢያደርጉትስ?» ብዬ ለመንኳቸው። ሳቁ፤ አደረጉትም። ወደ ሰሌዳው ቢዞሩ፣ በሩ ድረስ ቢሄዱ ማይኩ ከአፋቸው አንድ ስንዝር ተኩል አይርቅም። ሲገለበጥ አንድም ቦታ ወደኋላ መመለስ አላስፈለገኝም ማለት ይቻላል። ድምፁ እንደ ዙሙ ሞቅ ያለ አይደለም፤ ትንሽ ቀጠን ይላል። ቃሉ ግን ቁልጭ ብሎ ይሰማል።

ያጣሁት የተማሪዎቹን ጥያቄ ነው። መምህሩ ጥያቄውን ደግመው ካልተናገሩት አይሰማም። እሱን በእጄ እጽፋለሁ።

ማይኩን ስትገዙ ጫፉን እዩ። ለስልክ የተሠራው መሰኪያው ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበት አለው፤ መቅጃዎች የሚፈልጉት ባለ ሁለቱን ነው። ባለ ሦስቱን በቀጥታ ብትሰኩት ወይ ዝም ይላል ወይ ይንሾካሾካል። ትንሽ መቀየሪያ ኬብል ይፈታዋል።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

የዕድሩ ኮሚቴ ስብሰባ፣ ገንዘብ ያዣችን ቤት። አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰባት ሰው። እዚህ ታስካሙ በለጠ። ማይኮቹን ወደ ውጭ ከፍቼ መሀል ላይ አደረግሁት፤ ሁሉም በእኩል ርቀት ተሰሙ። ስቴሪዮ መሆኑም ጠቅሟል። ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲናገር በጆሮ ማዳመጫ አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ ስለሚመጣ መለየት ይቻላል። በሞኖ ቢሆን አንድ ላይ ይደፈጠጡ ነበር።

ጠላቱ ሲኒ ነው። ቡና ሲቀርብ ረከቦቱ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ የሚሰማው ነገር ጆሮ ይበሳል። ነጠላዬን አራት እጥፍ አጥፌ ከመቅጃው ሥር አነጠፍኩ። ቀነሰ። ሶኒውም ነጠላው ላይ ሲሆን ከታስካሙ ያን ያህል አልራቀም። በግማሽ ሜትርና በአንድ ሜትር ርቀት ሁሉም መቅጃ ጎበዝ ነው።

ጥቅምት 15

መርካቶ ወረድኩ። ስም ያላቸው መቅጃዎች ጥቂት ሱቅ ብቻ ነው ያሉት። የሚበዛው ስም የለሽ፣ ፍላሽ ወይም እስክሪብቶ የሚመስለው ነው። አንዱን ሱቅ ውስጥ ሞከርኩት፤ የሌቭል ማስተካከያ የለውም፣ የውጭ ማይክ ቀዳዳ የለውም። ተውኩት። ዋጋ እዚህ አልጽፍም። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዛሬ ወር ዋጋ ለማንም አይጠቅምም።

ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ግን ገዛሁ። ላዩ ላይ 32 ጊጋ ይላል። ቤት ስደርስ ኤችቱ-ቴስት-ደብልዩ በሚባል ነጻ የዊንዶውስ ፕሮግራም ፈተሽኩት። ፕሮግራሙ ካርዱን በዳታ ይሞላዋል፣ ከዚያ የጻፈውን መልሶ ያነባል። የእኔው ካርድ እውነተኛ መጠኑ 8 ጊጋ እንኳ አልሞላም። እንዲህ ያለው ካርድ ለኮምፒውተሩ 32 ነኝ ብሎ ይዋሻል፤ ልኩ ሲያልፍ የድሮውን እየደመሰሰ ይጽፋል። መቅጃው ምንም አይነግራችሁም። የምታውቁት ፋይሉ አልከፈት ሲል ነው። ለማክና ለሊኑክስ ኤፍ3 የሚባለው ያንኑ ይሠራል። ሱቁ ያለ ክርክር ቀየረልኝ። ሁለተኛው ካርድ ደህና ነው።

ጥቅምት 20

ሶኒው ተመረጠ። በድምፅ ጥራት ከሦስቱ ሦስተኛ ነው፤ ለዘፈን ወይም ለሬዲዮ ዝግጅት ብገዛ ኖሮ አልነካውም ነበር። ለእኔ ሥራ ግን ኪስ የሚገባው እሱ ነው፣ ተናጋሪው ላይ የሚሰቀለው እሱ ነው። ሌክቸሩን ያዳነው ይሄ ነው። ካርዱ ቢበላሽ እንኳ የራሱ 4 ጊጋ አለው፤ በ128 ኪሎቢት ወደ 60 ሰዓት ይጠጋል። ድንጋዩ ለወር ይበቃኛል።

መልሶ ማጫወቻውም ለሚገለብጥ ሰው የተሠራ ነው። ፍጥነቱ ሲቀንስ ድምፁ አይጎረንንም። አንድን ቁራጭ ከዚህ እስከዚህ ብሎ ደጋግሞ ያጫውታል። ኮምፒውተር ላይ ስገለብጥ ደግሞ ኦትራንስክራይብ የሚባለውን ነጻ ገጽ እጠቀማለሁ፤ ከኪቦርዱ እጄን ሳላነሣ ወደኋላ ጥቂት ሰከንድ ይመልስልኛል። ሳልቋረጥ የምጽፍበት ምክንያት ግማሹ እሱ ነው።

የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ለገና ሳይሆን አሁኑኑ የሚመጣ ሰው አግኝታለች። ሻንጣ ውስጥ ቦታ ተያዘ።

ኅዳር 3

ደረሰ። የመጀመሪያው ሥራ ሰዓቱን መሙላት ነው። መቅጃው ፋይሉን በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ይሰይማል፤ የዛሬው ሌክቸር «251112_1730» ሆኖ ገባ። 17፡30 የእኛ 11 ሰዓት ተኩል ነው። በእኛ ሰዓት ልሙላው ብል የማታው ትምህርት ከጠዋቱ ጋር ይምታታል። ስለዚህ በፈረንጁ ትቼ፣ ወደ ኮምፒውተር ሳዛውረው «2018-03-03 ሌክቸር» ብዬ እሰይመዋለሁ። ዓመት፣ ወር፣ ቀን በዚህ ቅደም ተከተል ከሆነ ፋይሎቹ ራሳቸው ይሰለፋሉ። ድንጋይ ስትቀይሩ ቶሎ በሉ፤ ባዶውን ከቆየ ሰዓቱ ይጠፋል።

ፋይል በቴሌግራም ለጥናት ጓደኛ መላክ ካስፈለገ፣ ዶክተሩ ከፈቀዱ ማለቴ ነው፣ በፋይልነት ይላክ። የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍቶ ቮይስ አድርጎ መልሶ መቅዳት ያለውን ጥራት ሁሉ ይጨርሰዋል።

ኅዳር 7፣ እሑድ

የዕድሩ ጠቅላላ ስብሰባ። የኋላ ወንበሩ ችግር ገና አልተፈታም ነበር። አርባ ሰው ኮሌታ ላይ ማይክ አይሰቀልም።

መፍትሔው ከዕድሩ ዕቃ ቤት ወጣ። ከድንኳኑና ከብረት ድስቶቹ ጋር የተቀመጠ ሞንታርቦ ከነእጅ ማይኩ አለን፤ ለልቅሶ ቤት ካልሆነ አይወጣም። ዳኛውን አማከርኳቸው። ስብሰባው ሲከፈት ቆም አሉና «ዛሬ ማይክ ሳይዝ የተናገረ አልተናገረም!» አሉ። አባሉ ሳቀ፤ ደንቡ ግን ጸና። አንድ ወጣት ማይኩን ይዞ ከሰው ሰው ይሮጣል። መቅጃውን ከሞንታርቦው አንድ ሜትር ርቀት፣ ትንሽ ወደ ጎን፣ ወንበር ላይ በነጠላ አስቀመጥኩት። በገመድ መውሰድም ይቻላል፤ ግን ከማጉያው የሚወጣው ድምፅ ለማይክ ቀዳዳ በጣም ብርቱ ስለሆነ ካልተቀነሰ ይሰነጠቃል። አልገባሁበትም።

ሌላም ጥቅም አመጣ። ማይክ አንድ ስለሆነ ሁለት ሰው አንድ ላይ መናገር ቀረ።

ከዚያ መብራት ሄደ። ሞንታርቦው ሞተ። ወጣቱ ግራ ተጋብቶ ቆመ፤ እኔ ሪከርደሩን ሰጠሁትና «በማይኩ ፋንታ ይህን አዙር» አልኩት። በእጅ ሲያዝ የሚሰማ መንቋቋት አለ፤ ስሙ፣ ቁጥሩ፣ ውሳኔው ግን ሁሉም ተሰምቷል። መዋጮው መጨመሩን የተቃወሙት እናት «ይሄ ይሻለኛል፤ ድምፄን አያስፈራኝም» ብለው እንደገና ተናገሩበት።

ኅዳር 9

ቃለ ጉባኤው ትናንት ማታ አለቀ። መስከረም ላይ የተቀዱትን ሦስቱንም አጥፍቻለሁ፤ የዚያኛው ቃለ ጉባኤ እሑድ ተነቦ ጸድቋል።

እኔ ፈተና ላይ ስሆን ምክትል ጸሐፊው ስለሚቀዳ ይህን ወረቀት ጽፌ የመቅጃው ማኅደር ውስጥ ከትቻለሁ፦

«ኤምፒ3፣ 128፣ ስቴሪዮ። ሎው ከት ክፍት። በድምፅ የሚነሣው ዝግ። ቀዩ መብራት መብራቱንና ቁጥሩ መሮጡን እይ። ስልክህን አርቅ። ትርፍ የሪሞት ድንጋይ ሁለት በጎን ኪሱ አለ። መብራት ከሄደ በእጅ ይዙር። አባሉን ሳታስፈቅድ አትጀምር።»